አማቴን ያየሁባት መስኮት

ከአማቴ ጋር ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ፊታቸውን አላውቀውም ነበር። እውነቴን ነው። ቦት ጫማቸውን አውቀዋለሁ፤ የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል አልቋል። እጃቸውን አውቀዋለሁ፤ በቀን አሥር ጊዜ ሻይ እቀዳላቸዋለሁና። ሳላቸውን ከመንደሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ሳል ለይቼ እናገራለሁ። ፊታቸውን ግን ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ፊት ትክ ብላ አታይም፤ ጀርባዋን አትሰጣቸውም፤ ስማቸውንም አትጠራም። ስለዚህ ስማቸውን ከእኔ አትጠብቁ። አታ እላቸዋለሁ፤ አባት ማለት ነው፤ ይበቃል።

ዋና ከተማችን ቢሽኬክ ያደጉ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። ያን ያህል ከባድ ነገር አይደለም። በሩ ዝቅ ያለ ቤት እንደመኖር ነው፤ ከጊዜ በኋላ ሳታስቡት ጎንበስ ትላላችሁ። እኔም ጎንበስ ማለቴን ረስቼው ነበር።

አታ ኮልኾዙ፣ የሶቪየት ዘመኑ የኅብረት እርሻ፣ እስኪፈርስ ድረስ የኮልኾዙ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ከፈረሰም በኋላ ሰው እሳቸውን መጥራት አልተወም። የመንደሩን ሙሽራ ሁሉ፣ የመታወቂያውን ፎቶ ሁሉ፣ ብዙ ወተት በማለብ የተሸለሙትን ሴቶች ሁሉ ያነሱት እሳቸው ናቸው። መቃብሩም የእሳቸው ሥራ ነው ማለት ይቻላል። የሟች ፊት ከፎቶው ላይ ተወስዶ በጥቁር ድንጋይ ይቀረጻል፤ መስጊድ የሚያሰግደው ሞልዶ በየአርቡ ይህ ነውር ነው እያለ ይቆጣል፤ የገዛ አባቱ ፊት ግን ከአታ ፎቶ ተቀርጾ እዚያው ቆሟል። አታ በመቃብሩ አጠገብ ባለፉ ቁጥር «ደንበኞቼን እዩዋቸው። አንዱም ፎቶዬ ተበላሸ ብሎ መጥቶ አያውቅም» ይሉ ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከመሆኑ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ባለቤታቸው፣ እኔ አፓ የምላቸው፣ አርፈዋል። አታ ለሁለት ሰው የሚሆን ሰፊ ድንጋይ አዘዙ። በቀኙ በኩል አፓ አሉ፤ በግራው ምንም የለም። ለአፓ የመረጡላቸው ፎቶ ደግሞ ጉድ ነው። ሰው ለሚስቱ መቃብር አምሮባት የተነሳችውን ይመርጣል። አታ የመረጡት አፓ ግቢው ውስጥ ውሻ ሲቆጡ ያነሷቸውን ነው። ፊታቸው ወደ ግራ ዞሯል፤ ቅንድባቸው ተነስቷል፤ አፋቸው ትንሽ ከፈት ብሏል። ውሻው ድንጋዩ ላይ ስለሌለ አፓ የሚቆጡት ባዶውን ቦታ ነው።

የአታ ታናሽ እህት ቶክቶቡቡ፣ ቤታቸው ከእኛ አጥር ጋር የተያያዘው አክስታችን፣ ድንጋዩ የቆመ ዕለት አላስቻላቸውም። «ምነው ወንድም ጋሼ፣ ለምስኪኗ ከዚህ የተሻለ ፎቶ አጣህላት?»

«አርባ ሦስት ዓመት የማውቃት እንዲህ ነው» አሉ አታ። «በዚያ በኩል እኔ ስመጣ ማንን እንደምትቆጣ ይገባሻል።»

እንግዲህ በመከር ወራት፣ ድንች ለቅመን ጓዳ ባስገባን ሰሞን፣ የአታ ልብ አስቸገረ። ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ቆመው ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ፤ እሳቸው ስለ አየር የሚያወሩ ሰው አልነበሩም። ቢሽኬክ ወስደን አስመረመርናቸው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልባቸው ይከፈታል ተባለ። ወደ ቤት በተመለስን ማግስት ዳቦውን በእንጆሪ ማርመላታ እያጠቀሱ «መቼም ወይ እመለሳለሁ ወይ አልመለስም። ባልመለስ ግን ፎቶ የለኝም» አሉ።

እውነትም አልነበራቸውም። የአገሩን ሰው ሁሉ ያነሳ ሰው የራሱ ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ድሮ ለኮልኾዙ የክብር ሰሌዳ የተነሱት፣ ፊታቸው ወደ ግራ የዞረ። ያ ፎቶ ድንጋዩ ላይ ቢቀረጽ አታ ለአፓ ጀርባቸውን ሰጥተው ለዘላለም ሊቀመጡ ነው። ባለቤቴ ኤርሜክ ቢሽኬክ ግንበኛ ነው፤ በስልክ ሲነገረው «ችግር የለም፣ በኮምፒዩተር ይገለበጣል» አለ። አታ ይህን ሲሰሙ የሻይ ፒያላቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይገልብጡኝና የፈረስ ርግጫ ጠባሳዬ ከግራ ቅንድቤ ወደ ቀኝ ይዙር? ኮቴም እንደ ሴት ኮት በግራ ይቆለፍ? ‹ይሄ ደግሞ ማነው?› ብላ ታባርረኛለች።»

«ኮችኮር ከተማ ያለው ስቱዲዮስ?» አሉ ቶክቶቡቡ።

«እሱ ነው እንዴ የሚያነሳኝ? እሱ ለእረኛውም ለሾፌሩም ያንኑ አንድ ከረባት የሚያለብስ! በዕድሜዬ ከረባት አስሬ አላውቅም፤ ሞቼ ልሰር?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ መሰለኝ፤ ቦት ጫማቸው ወደ እኔ ሲዞር አየሁ። «ጅፓር፣ አንቺ ታነሺኛለሽ።»

ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት።

ካሜራው ከባሌ በዕድሜ ይበልጣል። የሩስያ ነው፤ ጥቁር ቀለሙ በየጠርዙ ተልጦ ነሐሱ ይታያል፤ ትንሽ ቢሆንም ሲያነሱት የጡብ ያህል ይከብዳል። ሦስት ጥቅል ፊልም ቀርቶ ነበር፤ ሦስቱም ጥቁርና ነጭ፣ ሦስቱም ጊዜያቸው ያለፈ፣ ጓዳ ከድንቹ ጋር በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጡ። አታ መጀመሪያ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ፊልም አስተማሩኝ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

«መጀመሪያ የፊልሙን ማዞሪያ ጠምዝዢ። ከዚያ የመዝጊያዋን ፍጥነት ምረጪ። በተገላቢጦሽ ካደረግሽ ሆዷ ውስጥ ያለው ጥርስ ይሰበራል፤ መለዋወጫ የሚሸጥልን መንግሥት ደግሞ ከነአገሩ የለም።»

«መጀመሪያ መጠምዘዝ፤ ከዚያ ፍጥነት።»

«እንደ ጸሎት በይው።»

እንደ ጸሎት አልኩት። ላም ሳልብም እለው ነበር። የፊልሙን ጫፍ በመቀስ እንደ ምላስ ቆርጦ መጠምጠሚያው ላይ ማስያዝ ተማርኩ። ብርሃን የሚለካ ዕቃ ስለሌላት በጥላ መለካት ተማርኩ፤ የአጥሩ ጥላ ጠርዙ እንደ ቢላ ከሆነ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቢ፣ ጥላው ከደበዘዘ ክፈቺ፣ ጥላ ከጠፋ እስከ መጨረሻው ክፈቺና ትንፋሽሽን ያዢ። ሁሉም እጄ ገባ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ትምህርት ቤት ሒሳብ እወድ ነበር፤ ካገባሁ ወዲህ ግን ይህን ተማሪ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ዋናው ነገር ትንሿ መስኮት ናት። ዓይናችሁን አስጠግታችሁ ስታዩ መሃሏ ላይ ቢጫ ቦታ አለ፤ እዚያ ቦታ ላይ የገባ ነገር ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታያል። ሌንሱን ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ ሁለቱ ይቀራረቡና አንድ ይሆናሉ። ያኔ ያ ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል። ከእሱ ፊትና ኋላ ያለው ይደበዝዛል።

«ቢጫውን የት ታደርጊዋለሽ?» ይሉኛል አታ።

«ማየት የምፈልገው ነገር ላይ።»

«ሰው ከሆነስ?»

«ዓይኑ ላይ።»

የመጀመሪያውን ጥቅል በበጎች፣ በሻይ ማፍያው ሳሞቫር፣ በጎረቤት ፈረስና በቶክቶቡቡ ጨረስኩት። ቶክቶቡቡ ሦስት ጊዜ ልብስ ቀይረው መጡ። ፊልሙን መታጠቢያ ቤት ውስጥ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍነን አጠብነው፤ አታ ይነግሩኛል፣ እኔ አደርጋለሁ። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቅለን ሲደርቅ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አዩት። የበጉ ሽፋሽፍት ሳይቀር ጥርት ብሎ ነበር።

«እኔ ይህን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል» አሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከእሳቸው ካገኘሁት ምስጋና ይህ ትልቁ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስዘፍን ዋልኩ።

ከዚያ የእሳቸው ተራ ሆነ። አግዳሚ ወንበሩን ከሰማያዊው በር ሦስት እርምጃ ወደፊት አስቀመጥነው፤ ከኋላ ያለው ደብዝዞ ፊታቸው ብቻ እንዲወጣ ነው። ነጭ የሱፍ ቆባቸውን ደፍተው ተቀመጡ፤ ፊታቸውንም ወደ አፓ በኩል አዞሩ። ዓይኔን መስኮቷ ላይ አስጠጋሁ። ቢጫው ቦታ ደረታቸው ላይ አረፈ። ወደ ላይ ላነሳው ስል ክንዴ እምቢ አለኝ። ማንም አልከለከለኝም፤ እሳቸውም ወዲያ ነው የሚያዩት። ግን አማቴን በሦስት እርምጃ ርቀት ዓይን ዓይናቸውን ማየት! ቢጫዋ ቦታ ሳላስባት ወደ ጎን ሸሸችና የበሩ መቃን ላይ ሄዳ አረፈች። ሁለቱ መቃን አንድ ሆኑ። ጥቂት ልዩነት ምን ያመጣል ብዬ ራሴን አታልዬ ተጫንኩት። ሠላሳ ስድስት ጊዜ እንዲያ አደረግኩ።

ፊልሙ ሲደርቅ አታ ማጉያውን ይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«የበሩ መቃን ላይ ምስጥ የበሳው ቀዳዳ ይቆጠራል» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ግን ጉም ነኝ።»

«ምናልባት ተንቀሳቅሰው ይሆናል አታ» አልኩ። ምላሴን ምን ነካት! እንደ ድንጋይ ነበር የተቀመጡት።

«አልተንቀሳቀስኩም። ካሜራዋ ናት። አርጅታለች፤ መስኮቷ ዋሽታለች።»

አርባ ዓመት ሙሉ ያቺን ካሜራ ሲያሟት ሰምቶ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉና በትንሿ መፍቻ ይፈቷት ጀመር። የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን በሌላው የሚንቀጠቀጥ እጃቸው ደግፈው፣ መቃኑን በሜትር ለክተው፣ መልሰው ለክተው፣ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው። እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሽንኩርት እልጣለሁ። ካሜራዋ ምንም እንዳልሆነች አውቃለሁ። የቀረው አንድ ፊልም ነው፤ የቀረው ጊዜ ዘጠኝ ቀን ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ቃል መናገር አቅቶኝ እኚህ ሰው የገዛ ካሜራቸውን በገዛ እጃቸው ሲያበላሹ አያለሁ። ራሴን ጠላሁት።

ያኔ አንዷ ብሎን ከእጃቸው አመለጠችና ምንጣፉ ላይ ወደቀች። የስንዴ ቅንጣት አታክልም። አታ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሱፉን መዳሰስ ጀመሩ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እኔም ቢላዋዬን ጥዬ ተንበረከክሁ። ብሎኗን አገኘኋት፣ መዳፋቸው ላይ አደረግኳትና እዚያው መሬት መሬቱን እያየሁ ተነፈስኩት።

«አታ፣ ካሜራዋ ደህና ናት። ያላየሁት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«እርስዎን። ቢጫውን መቃኑ ላይ ነው ያደረግኩት። ፊትዎን ማየት… አልቻልኩም።»

ቶክቶቡቡ የእርጎ ሳህን ሊመልሱ ገብተው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። አታ ብሎኗን በመዳፋቸው ጨበጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ቀን እንኳ አላየሽኝም?» አሉ ቀስ ብለው።

«አንድ ቀን እንኳ አታ።»

«እኔ እኮ ሰርግሽን ሳነሳ በዚያች መስኮት አይቼሻለሁ። አገጭሽ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ የምንተዋወቅ መስሎኝ።»

ቶክቶቡቡ ሳህናቸውን አስቀመጡ። «ምን ታደርግ? ደግ አደረገች! እናታችን የአባታችንን አባት ፊት ሳታይ ነው የቀበረቻቸው። አፓም ብትሆን አባታችን ሲገቡ ግድግዳ ነበር የምታየው። አሁን በእርጅናህ ምራትህን ነውር ልታስተምራት ነው?»

«ቶክቶቡቡ፣ ሙሽራ ስትመጣ ፊቷ ተሸፍኖ አይደለም እንዴ የምትመጣው?»

«ተሸፍኖ ነው።»

«ታዲያ በኋላ ሰው እንዴት ያያታል?»

«ይገለጥላታል፤ ያየ ሰው ለፊቷ ስጦታ ይሰጣል። ይህን ለመጠየቅ ነው?»

«እንግዲያው ነገ ሙሽራዋ እኔ ነኝ» አሉ አታ። «አንቺ ትገልጪኛለሽ። ጅፓር ስጦታዋን ትሰጥና ታየኛለች። ሁሉም በወጉ ይሆናል።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ውጪ ስወጣ አታ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ከቆባቸው ላይ የአፓ ነጭ ሻርፕ እስከ ደረታቸው ወርዷል። ከሥሩ ጺማቸው ብቅ ብሏል። ቶክቶቡቡ ከአጥሩ ማዶ ሲያዩአቸው መጀመሪያ «አበደ!» አሉ፤ ከዚያ አጥሩን ይዘው መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «የማናት ይቺ ሙሽራ! ጺሟ እንዴት ያምራል! ስንት በግ ጥሎሽ ተጣለላት?»

«ዝም ብለሽ ግለጪኝ፤ አፈንሽኝ» አለ ሻርፑ።

ቶክቶቡቡ መጡ። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ለእውነተኛ ሙሽራ እንደሚደረገው መልካም ምኞት እየደረደሩ፣ ዕድሜና ጤና፣ በረት ሙሉ ከብት፣ ሻርፑን በሁለት እጃቸው አነሱት። ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ፤ ጤና የሚለው ላይ ይመስለኛል። ከዚያ «ሻይ ላምጣ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

እኔ ለኤርሜክ የሠራሁትን የሱፍ ካልሲ ይዤ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ ዳሰስ አድርገው። «ርካሽ ሙሽራ ነኝ። በይ እዪኝ።»

ካሜራዋን አነሳሁ። ጠመዘዝኩ። ፍጥነቱን መረጥኩ። ቢጫዋን ቦታ ከቁልፋቸው ወደ ጺማቸው፣ ከጺማቸው ወደ አፍንጫቸው አወጣኋት። ሁለት አታ ነበሩ። ሌንሱን አዞርኩት፤ ሁለቱ ቀረቡ፤ አንድ ሆኑ።

ኤርሜክ ሽማግሌ ሆኖ ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ ያየሁት ይህን ነው፤ ያ አፍንጫ፣ ያ ጆሮ፣ ከባሌ ጋር ስጣላ የሚያናድደኝ ያ የከንፈር አቀማመጥ። ጠባሳው ከሰማሁት ያነሰ ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ስለ ልባቸው ሲቀልዱ፣ ስለ ሞት ሲቀልዱ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፃቸውን ብቻ ስሰማ እኚህ ሰው ግድም የላቸው እያልኩ ነበር። ፊታቸው ግን ሲቀልድ አልነበረም። ፈርተው ነበር። በመርፌ ፊት እንደቆመ ልጅ ፈርተው ነበር፤ ይህን ደግሞ ቤት ውስጥ አብሬያቸው የምኖር እኔ አላወቅኩም።

ካሜራዋን ከዓይኔ አወረድኩ። በባዶ ዓይኔ አየኋቸው።

«አታ… ፈርተዋል እንዴ?»

ካልሲውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ይታያል?»

«ይታያል።»

«በጣም?»

«በጣም።»

«እንዲህ ከሆነ አታንሺኝ» አሉ። «እዚያ አጠገቧ ስቀመጥ እንዲህ ካየችኝ ትጨነቃለች። እሷን ማስጨነቅ አልፈልግም፤ መቆጣቷን ነው የለመድኩት።»

ማጽናናት አላውቅበትም፤ አማትን ማጽናናት ደግሞ ማንም አላስተማረኝም። ግን ከዚያ በፊት ያላደረግኩትን አንዴ አድርጌዋለሁ። ዓይኔን ሳልነቅል ጠየቅኳቸው።

«አፓ አሁን ቢኖሩ ምን ብለው ነበር የሚቆጡዎት?»

«አሁን?»

«አሁን፣ እዚያ በረት በኩል ቆመው።»

አታ ፊታቸውን ወደ ግራቸው፣ ወደ በረቱ አዞሩ። አሰቡ። «‹ከጠዋት ጀምረህ እዚያ ተገትረሃል፤ ላሚቱ አትክልቱ ውስጥ ገብታለች!› ትለኛለች። ‹ሻርፔን ደግሞ ማን ውሰድ አለህ? ላብህን አጠጣኸው!›»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን እላለሁ? ምንም አልልም። እሰማለሁ።»

ያን ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ግን ከኋላ ሄዶ ደበዘዘ፤ ከፊት የቀረው ሚስቱ ስትቆጣው ደስ የሚለው ሰው ነው። ቢጫዋን ዓይናቸው ላይ አደረግኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ተጫንኩት። ጠመዘዝኩ፤ ተጫንኩት። እንባዬ መስኮቷን ሲሸፍናት ቆምኩ፤ ጠረግኩ፤ ቀጠልኩ። ቶክቶቡቡ ሻይ ይዘው ሲወጡ «ምነው ሁለታችሁም ታለቅሳላችሁ፣ ሰርግ አይደለም እንዴ?» አሉ፤ እሳቸውም እያለቀሱ ነበር።

ልብ የሚያንጠለጥል ታሪክ አልወድም፤ ስለዚህ አሁኑኑ ልንገራችሁ። አታ ከሐኪም ቤት በእግራቸው ነው የተመለሱት። ከስተው፣ ስለ ሐኪም ቤቱ ሾርባ እየተማረሩ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ፎቶው ያን ሁሉ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ጠበቀ። አሁን በድንጋዩ ግራ በኩል ተቀርጿል፤ አፓ ይቆጣሉ፤ አታ ይሰማሉ። ጠባሳው በግራ ቅንድባቸው ላይ ነው፤ ከረባት የለም።

ያኔ ግን ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ኤርሜክ መጥቶ ወሰዳቸው፤ ፊልሙን ለማጠብ ጊዜ አልበቃንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ ቸነከርኩ፤ በጨለማው በእጄ እየዳበስኩ ፊልሙን ጠመጠምኩ፤ ውሃውን በክርኔ ለካሁ። ጮክ ብዬ ደቂቃ ስቆጥር ቶክቶቡቡ በሩ ላይ ተቀምጠው አብረውኝ ይቆጥሩ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አሳስተውኛል። ፊልሙን አውጥቼ ወደ ብርሃን አነሳሁት። ማጉያውን ይዤ አንድ በአንድ አየሁት። ከዚያ ደግሜ አየሁት።

የቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ማታ የቶክቶቡቡ ስልክ ጮኸ። ኤርሜክ ነበር፤ «አታ ካንቺ ጋር ካልተነጋገርኩ አልተኛም ብለዋል» አለና ሰጣቸው።

«ታጠበ?» አሉኝ፤ ሰላምታ እንኳ የለም።

«ታጠበ አታ።»

«መቃኑስ?»

«ጉም ሆኗል።»

«እሰይ!» ሳል ያዛቸው፤ ጠበቅኳቸው። «ዓይኔስ? እውነቱን ንገሪኝ፣ ዓይኔ እንዴት ነው?»

«ቡናማ ነው» አልኳቸው። «ጠርዙ ላይ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። በቀኙ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቢጫ ነጠብጣብ አለች፤ ከታች በኩል።»

ስልኩን ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲያዛውሩት ሰማሁ።

«ልጄ» አሉ፣ «ፊልሙ እኮ ጥቁርና ነጭ ነው።»

«አውቃለሁ አታ።»

ከወዲያ ሆና ነርሷ ስትጠራቸው ሰማሁ፤ አልመለሱላትም።

«እንግዲያው አይተሽኛል» አሉ።

«አይቼዎታለሁ አታ።»